ለሐዋሳ ተማሪ ስልኩ የሥዕል መጽሐፉ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሙዚየምና በሥዕል ዐውደ ርእይ ስልክ ጨርሶ ይከልከል የሚለውን የአንድ አንባቢ አስተያየት በጋዜጣችሁ አነበብኩ። ጸሐፊውን ያስቆጣቸው ነገር እኔንም ያስቆጣኛል። ሠዓሊ ለወራት ለደከመበት ሸራ ጀርባን ሰጥቶ የራስን ፊት ማንሣት ነውር ነው፤ አንዳንዴም ከነውር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም አንድ ጎብኚ በሥዕሉ ላይ ያሉትን መስፍን አቋም ለፎቶ ሲያስመስል ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ሸራውን ቀዶታል። የቀረበው መፍትሔ ግን ሙዚየም በደጃፉ ላለ የአዲስ አበባ ሰው ካልሆነ በቀር ለእኛ አይበጅም።

እኔ ሐዋሳ የሥዕል መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች በዓይናቸው እንዲያዩ ከፈለግኩ፣ በስሙ ወደተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይዣቸው መጓዝ አለብኝ። የመኪና ኪራይ፣ ስንቅ፣ የወላጅ ፈቃድ፤ ይህ ሁሉ በስንት ልመና ተሟልቶ አዳራሹ ውስጥ የምንቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረውን ዓመት የምንማረው ልጆቹ በስልካቸው ይዘው በተመለሱት ነው።

በአንዱ ጉብኝት አንዲት ተማሪ ሙሉውን ሥዕል ትታ የታችኛውን ጥግ ብቻ ደጋግማ ስታነሣ አየኋት። ክፍል ገብተን ምስሉን በሁለት ጣቶቿ ዘርግታ ለጓደኞቿ አሳየች፤ ቀለሙ ወፍሮ የደረቀበት፣ የብሩሹ ፀጉር የተወው መስመር የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ከላይ ግራጫ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ግን ከሥር የተቀባው ቀይ ብቅ ይላል። ቀለም በቀለም ላይ እንዴት እንደሚደረብ በቃል ስነግራቸው የሚያዛጉት ልጆች ያን ቀን ስልኩን ተሻሙበት።

ስልክ የሚያጎድለው ነገር የለም እያልኩ አይደለም። መጠንን ያጠፋል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ሞና ሊዛ ደግሞ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሳንቲ ሜትር። በስልክ ሲታዩ ሁለቱም ከመዳፍ አይበልጡም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በሙዚየም ውስጥ ፎቶ ያነሡ ተሳታፊዎች ያነሷቸውን ዕቃዎች በዓይናቸው ብቻ ከተመለከቷቸው ባነሰ ሁኔታ ነበር ያስታወሱት። ከልክሉ የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ የጥናቱን ሌላ ግኝት ግን ይዘሉታል። ካሜራውን አቅርበው የአንዱን ዕቃ አንድ ክፍል ብቻ ያነሡት ሰዎች ትውስታቸው አልቀነሰም። ተማሪዬ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ማንም ሳይነግራት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፎቶው ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ የማውቀውን ሠዓሊ ሥራ በፕላስቲክ ታትሞ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ፊርማው ያለበት ጠርዝ ተቆርጧል፣ ከጎኑ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ተለጥፏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ባለካፌውን ብጠይቀው ከቴሌግራም አገኘሁት አለኝ፤ ክፋት ያለውም አልመሰለኝ። የማን ሥራ እንደሆነ የሚነግረው ምንም ነገር አልነበረም።

ለዚህ ጎብኚውን ብቻ መውቀስ አይገባም። እዚሁ ከተማችን በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ላይ አዘጋጆቹ በር ላይ በአበባ ያጌጠ የፎቶ ማንሻ ሠርተው ነበር። የሥዕሎቹ መግለጫ ግን በጉልበት ልክ ተለጥፎ፣ ጽሑፉ ደቅቆ፣ ሽማግሌዎቹ አጎንብሰው ሲያቅታቸው በስልካቸው አንሥተው አጉልተው ያነቡት ነበር። ታዲያ ስልክ ቢከለከል ኖሮ እነዚያ አባቶች ምን ሊያነቡ ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ብልጭታና የራስ ፎቶ ማንሻ ዘንግ ይከልከሉ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። የሠዓሊው ስምና የሥራው ርእስ በዓይን ልክ፣ ሥዕሉን የሚያነሣ ሰው አብሮ ሊያነሣው በሚችልበት ቦታ ይጻፍ፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ከአማርኛው ጎን በሲዳሙ አፎም ቢሆን መልካም ነው። የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2015 ጎብኚዎች ከፎቶ ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይዘው እንዲስሉ መጋበዝ ጀምሮ ነበር። እኛ ዘንድ መሬት ላይ ተቀምጠው የሚስሉ ልጆችን ጥበቃዎች መተላለፊያ ዘጋችሁ ብለው ያስነሧቸዋል። የሙዚየም ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ፣ ለተማሪዎች አንድ ጥግ ከልለው ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች እንዲያኖሩልን እለምናለሁ።

አንድ የሥዕል መምህር
ከሐዋሳ