ስክሪኑን ተዉትና ስለ ቁልፉ ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ማየት የተሳነኝ ሰው ነኝ (ዓይነ ስውር ብትሉኝም አልቀየምም) ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ሬዲዮ እሰራለሁ፣ የቴክኖሎጂ ገጻችሁን እህቴ ናት ምታነብልኝ። ስለ ሚክሰር (የማይኩንና የሙዚቃውን ድምፅ የምንቀላቅልበትና የምናስተካክልበት ዕቃ) ስትጽፉ ስክሪኑ እንዲህ ያምራል መብራቱ እንዲህ ነው ትላላችሁ፣ እኛ ግን ዕቃውን ምናየው በጣታችን ነው፣ እሱን ለመጻፍ ነው የተነሳሁት።

ሚክሰር ለመግዛት ከእህቴ ጋር አንድ ሱቅ ገባን፣ ሻጩ እኔን ትቶ እህቴን "ምንድነው ሚፈልገው?" አላት፣ ገዢው እኔ ነኝ አልኩት። ወዲያው ውዱን አወጣ፣ ሮድካስተር ፕሮ ቱ የሚባል ሚክሰር። ጥሩ ዕቃ ነው አልዋሽም፣ ግን 5.5 ኢንች ስክሪን አለው ብዙው ማስተካከያ ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ እጄን ሳሳርፍበት የነካሁት መስታወት ብቻ። ሰውዬው ደሞ "ሁሌ ሰው ካጠገብህ ይኖራል አይደል" አይለኝም! ከሌሊቱ 5 ሰዓት ቀጥታ ስርጭት ስገባ ማንን ልቀስቅስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዞሪያው መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ቁም የሚል ከሆነ፣ መሃሉም ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ የት እንዳለ ነክቼ አውቃለሁ፣ ማቆሚያ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ግን ለኔ ምንም አይነግረኝም። ቁልፍም እንደዛው፣ ሲጫኑት ጠልቆ የሚቀረውን እወዳለሁ፣ መብራት ብቻ የሚያበራው ግን፣ ለማይኩ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ (አንዳንድ ማይክ ያለሱ አይሰራም) ይሂድለት አይሂድለት በምን ላውቅ? እና ከመግዛታችሁ በፊት ከካርቶኑ አስወጡና ዳስሱት፣ ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

እኔ መጨረሻ ላይ ያማሃ ኤጂ 03 የሚባለውን ሚክሰር ያዝኩ። ትንሽ ናት፣ ለማይኩ አንድ ፌደር (ወደላይ ወደታች እየተንሸራተተ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ) አላት እሱን ጣቴ እንቅልፍ ላይ ሆኖም ያገኘዋል፣ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደውን ድምፅ የምትመርጠው ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ በሚንሸራተት ማብሪያ ነው፣ ጫፉ ላይ ሉፕባክ የሚባለው ምርጫ አለ። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለምትሰራ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ነው ሚሞተው እንጂ እሷ ትቀጥላለች፣ የስልክ ዳታ ከፍቼ እጨርሳለሁ።

ታዲያ ሉፕባክ ጉድ ሰርቶኛል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሁሉ ሰብስቦ አየር ላይ ያውለዋል፣ ሙዚቃውንም፣ ስክሪን ሪደሩንም (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝን ፕሮግራም)። አንድ ቀን ዘፈን ለቅቄ ሳለሁ ባለቤቴ ቴሌግራም ላይ ጻፈች፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደሬ በዛ በብረት ድምፁ "ጋዝ አልቋል ሽንኩርት ይዘህ ና" ብሎ ለአድማጭ በሙሉ አነበበው፣ እስከዛሬ ሽንኩርቱ ተገዛ ወይ የሚሉኝ አሉ። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ ኤንቪዲኤ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫውን ወደ ላፕቶፑ የራሱ ሳውንድ ካርድ መቀየር፣ ከዛ አንዱ ጆሮ ላይ የላፕቶፑን ኤርፎን ሌላው ላይ የሚክሰሩን ሄድፎን ማድረግ። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ በሳምንት ለመድኩት።

በኮምፒውተር እንግዳ ሳስገባ ደግሞ ሉፕባክ የእንግዳውን ድምፅ መልሶ ለራሱ ይልክበታል፣ ሰውዬው በገዛ ድምፁ እየተደናገረ ይንተባተባል፣ ስለዚህ እንግዳ ካለ ስልኬን ስፒከር አድርጌ ማይኩ ስር አስቀምጣለሁ። ጥራቱ ምንም አያምርም ግን ወሬው ይሄዳል።

እና እባካችሁ ስለ አንድ ሚክሰር ስትጽፉ ማዞሪያው ይቆማል ወይ፣ ቁልፉ ይጠልቃል ወይ፣ ያለ ስክሪን ስንቱን ይሰራል የሚለውንም ጨምሩበት፣ ሁለት መስመር ነው። ሐዋሳ ያለ እንደኔ ያለ ሰው የኔን ዳስሶ መሞከር ከፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ስልኬ እናንተ ጋ አለ፣ ስጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ