ይድረስ ለአባቴ፤ ስለ ምንጫችን

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የባሕር ዛፉን ነገር ሳነሳ በመሃል እንደሚያቋርጡኝ ስለማውቅ ጻፍሁት። ታናሽ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

እርስዎ ባሕር ዳር ለሕክምና ሳሉ በታኅሣሥ አገር ቤት አምስት ቀን ሰነበትሁ። ዱላዎን ይዤ፣ የወንድሜን ልጅ አስከትዬ፣ የደጃችንን ወንዝ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ከሚገባበት እስከ ምንጩ በእግሬ ወጣሁት። ሁለት ቀን ፈጀብን። ተወልጄ አድጌበት የማውቀው እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ድንጋይና ከብት የምናጠጣበትን መልካ ብቻ ኖሯል።

የታችኛውን በአጭሩ ልለፈው። ግራና ቀኙ ድንችና ሽንኩርት ነው፤ የውኃ ሞተር ያንጓራል። ድሮ የውኃ አባቱ ወረፋ ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ሞተር ያለው ይቀድማል። ከወፍጮው በላይ በልጅነቴ የምዘላት ቦይ ቦረቦር ሆናለች፤ በሬ ቢገባባት ቀንዱ አይታይም። ማሳው ደግሞ እስከ ገደሉ አፍ ታርሷል።

በማግስቱ ሸንተረሩን ወጣን። ጮቄ ፊት ለፊት ይታያል፤ ከ4000 ሜትር በላይ ነውና ጫፉን ደመና ሸፍኖት ነበር። ሙጋም፣ ሱሃም፣ ጨሞጋም፣ ጠምጫም ከእሱ ተነስተው አባይ ይገባሉ። ሸንተረሩ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ። ልጁ ጣራውን እያሳየ «ክረምት የዚህኛው ክንፍ ውኃ ወደ እኛ፣ የዚያኛው ወደ ማዶ ነው የሚወርደው» አለኝ። ባለሙያዎቹ ተፋሰስ የሚሉት ነገር በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በ2003 በግ ሸጠው ቦንድ የገዙለት የአባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል አይደል? ከውኃው ጥቂቱ ከጓሯችን የሚነሳ ነው ብዬ ብነግረው፣ «እንግዲያው ገንዘቡን ይመልሱልና» ብሎ አሳቀኝ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ዙሪያው ጨፌ ነበር፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እህቶቼ እንግጫ የሚነቅሉት ከዚያ ነበር። ከሥር የሚገፋው ውኃ አሸዋውን እንደ ሽሮ ሲያንተከትከው ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አሁን የምንጩ ዓይን መዳፍ አያህልም። ተንበርክኬ ብጠብቅ አንድ ሁለት ፍሬ አሸዋ ያነሳና ይተዋል። የአንድ ሊትር ጣሳ ደቅኜ ብቆጥር እስኪሞላ 50 ደረስሁ። እንግጫው በነበረበት ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፏል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል።

ያ ባሕር ዛፍ የእኔ ጥፋት ነው አባቴ። በ1999 ከትምህርት ቤት መጥቼ «ሰው ሁሉ አጠና ሸጦ ሲያልፍለት እኛ ረግረግ ታቅፈን» እያልሁ የነዘነዝሁዎ እኔ ነኝ። እርስዎ «በምንጭ ራስ ላይ ጠጪ አይተከልም» ብለው ሁለት ዓመት እምቢ አሉ፤ በሦስተኛው ለእኔ ሲሉ ተሸነፉ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጫማዬም ብርድ ልብሴም የተገዛው በዚያው አጠና ነው፤ ስለዚህ ዛፉን ሙሉ በሙሉ ልረግመው አልችልም። ቦረቦሩንም እሱ ብቻ አላመጣውም። ይሁንና ከእኛ በላይ በቤተ ክርስቲያኑ ወይራና ጽድ ሥር ያለው ምንጭ ያው እንደ ጥንቱ ነው፤ ጣሳዬን 12 ሳልቆጥር ሞላው።

የምለምንዎ ይህ ነው። ከምንጩ ዓይን በ30 እርምጃ ውስጥ ያሉት 62 ግንዶች ይቆረጡ። ጉቶውም ይነቀል፤ ከተተወ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ይህንንስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በቦታው ቀርከሃ እናድርግበት። ሸንተረሩ ላይ ያሉት ይቆዩ፤ ለቤት ማደሻ ያስፈልጉናል። የአጠናው ዋጋ ለሕክምናዎ ይሁን፤ ለቁፋሮው ጉልበት እኔ እከፍላለሁ።

እሺ ካሉኝ ለጥምቀት መጥቼ መቆረጡን አብረን እናያለን፤ በቅሎዋን አስጭኜ ምንጩ ድረስ አደርስዎታለሁ። ዱላዎን ምንጩ ዳር ረስቼው ነበር፤ ልጁ ሮጦ አምጥቶ ከበሩ ኋላ በቦታው አቁሞታል።

ልጅዎ