ደብዳቤ ለልጄ፦ በርኖሱን መልሺው

ሚጣዬ፣

በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ ሳገላብጥ ነው ያደርኩት። መነጽሬን አድርጌ፣ በሁለት ጣቴ እያሰፋሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የልጄ የመጀመሪያ ሙሉ ሥራ! ለአድዋ በዓል 22 ሰው አልብሰሽ! ከዚያ መሀል ላይ የቆመውን ልጅ በርኖስ አየሁት። የአንገቱን ዙሪያ አየሁት። ያ ወዝ ቀለም አይደለም፣ የስንት ዓመት ቅቤ ነው። የቡና አተላም ሆነ ብርጭቆ ወረቀት ልብስን እንደዚያ አያስረጅም። እኔ 31 ዓመት አልባሳት ክፍል ቁጭ ብዬ አዲሱን ሳስረጅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አይጠፋኝም። ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ኋላ ላይ "እማዬ ተገላገልኩ፣ ከአከራዬ ተዋስኩት፣ በነፃ!" ብለሽ ጻፍሽልኝ።

መልሺው።

ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ መልሺው።

ሥራሽ ጥሩ ነው፣ እንዳይከፋሽ። የሴቶቹ ቀሚስ ጥለቱ ጠበብ ማለቱን ወድጄዋለሁ። የዛሬው የሽሮ ሜዳ ሰፊ ጥለት መድረክ ላይ ሲወጣ ነገሩን ሁሉ ሰርግ ያስመስለዋል። ነጩ ግን ከመጠን በላይ ነጭ ነው። መብራት ሲያርፍበት የተዋናዩን ፊት ይውጠዋል። ቀጠን ያለ ሻይ አፍልተሽ ንከሪው፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፣ ጥላ ላይ አስጪው። ደግሞ ከግራ ሦስተኛው ልጅ ተፈሪ ሱሪ ለብሷል። በ1888 እኮ ተፈሪ ራሳቸው ገና የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ነበሩ! ካኪውም ለሁለተኛው የጣሊያን ጦርነት እንጂ ለአድዋ አይሆንም። አውልቂለት። ማን ያውቃል አትበይ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም።

እሺ፣ ወደ በርኖሱ። ይኼን ለአባትሽም ነግሬው አላውቅም።

በ1988 የአድዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር እኛም ቴአትር እናዘጋጅ ነበር። በጀት የለም ተባለ። መቼ ኖሮ ያውቃል? ደራሲው ስሙ ይለጠፋል፣ ተዋናዩ ይጨበጨብለታል፣ እኛ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ላብ የጠጣ ልብስ ሰብስበን አረቄ ስንረጭበት እናመሻለን (ሽታውን ያጠፋዋል፣ አንቺም አትርሺ)። አያትሽ ቡና የሚጠራሯቸው የላይኛው ግቢ እማማ ነበሩ። አታውቂያቸውም፣ ሳትወለጂ ነው ያረፉት። ባላቸው አምስቱን ዓመት በዱር የከረሙ አርበኛ ነበሩ፣ በርኖሳቸው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጥቁር የመንዝ በግ ሱፍ። ግራ ጎኑ ላይ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ፣ ባልየው ራሳቸው በነጭ ክር፣ በወንድ እጅ፣ እያጨማደዱ የጠቀሙት። "ለሚያዝያ 27 ትመልሺልኛለሽ" አሉኝ። አዎ አልኩ።

ዋናው ተዋናይ አጭር ነው። በርኖሱ ይጎተታል። ቴአትሩ በነጋታው ሊከፈት ነው። ልጠፈው ብል ሱፉ ወፍራም ነው፣ እንደ ጎማ ተመልሶ ይነሳል። አዘጋጁ ከታች "ምን ትጠብቂያለሽ?" እያለ ይጮሃል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። መቀስ አነሳሁ። አራት ጣት። ሱፍ ሲቆረጥ እንደ አቡጀዲ ጭርር አይልም ሚጣዬ፣ ያጉረመርማል።

ሚያዝያ 27 ደረሰ። "ቴአትሩ አላለቀም" አልኳቸው። አልቆ ነበር። በሰኔም አላለቀም አልኩ። ከዚያ በደጃቸው ላለማለፍ በወንዙ በኩል እየዞርኩ መግባት ጀመርኩ። ለሴት ልጅ ሲነገር አንድ ቃል ነው እኮ፦ የሰው ዕቃ አትዋሺ፣ ለሰውም አትዋሺ። እኔ በአንዱ ጀምሬ በሌላው ጨረስኩት።

በዚያ መሀል የንብረት ቆጠራ መጣና በርኖሱ ላይ ቁጥር ተሰፋበት። አንዴ ከተመዘገበ ያለ ደብዳቤ አይወጣም። ደብዳቤ ለመጻፍ ደግሞ እንዴት እንደገባ መናገር አለብኝ። ዝም አልኩ። በዓመቱ ለሌላ ቴአትር እረኛ ለበሰው፣ ቀጥሎ ሽፍታ፣ ቀጥሎ ብል በላው። እማማ ያረፉ ጊዜ ልጆቻቸው የአባታቸውን በርኖስ ልቅሶው ላይ ሊያወጡት ፈልገው ቤቱን ገለበጡት። ማን ዘንድ እንዳለ አላወቁም። እኔ እዚያው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እያሳለፍኩ ነበር።

ሰማያዊው የብስኩት ቆርቆሮዬ ውስጥ ያለውን ጥቁር ጨርቅ ታስታውሺዋለሽ? ልጅ ሳለሽ ስፒል እየሰካሽ የምትጫወቺበት። እሱ ነው።

በይ አሁን የምልሽን አድርጊ። በርኖሱን እንዳታጥቢው፣ ሱፍ ነው፣ ይኮማተራል። ነፋስ ላይ አራግፊው፣ በንጹህ አቡጀዲ ጠቅልይው፣ ዛሬውኑ መልሺው። ከመመለስሽ በፊት አስፈቅደሽ ፎቶ አንሺው፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ትከሻው ላይ ያለችውን ሹል ነገር ለብቻዋ። በሜትር ለኪው። ቀዳዳ ቢኖረው እንዳትጠቅሚው፣ ቀዳዳውም የእነሱ ነው። አከራይሽ "ምንም አይደለም፣ ይቆይ" ቢሉሽም መልሺው። እማማም ምንም አይደለም ብለውኝ ነበር። አዘጋጁ ቢቆጣ እናቴ ናት በይው፣ ስልኬን ስጪው።

እኔ ነገ መርካቶ ወርጄ ጥቁር የሱፍ ብርድ ልብስ እፈልጋለሁ። ሲንጀሯን ዘይት አጠጥቻታለሁ። ለየካቲት 23 ገና ሁለት ሳምንት አለን፣ ሰፍቼ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። አንገቱን ቅቤ ቀቢው፣ የዘንድሮ ቅቤ ዋጋው አይቀመስም እንጂ። ሦስት ሺህ ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ ለጨርቅ እንዳታውይው፣ ለምሳሽ ነው። ፎቶው ላይ ከስተሻል። ስፒል በአፍሽ አትያዢ። ቅድሚያ ክፍያሽንም ጠይቂ፣ አትፈሪ።

የልጁን ቁመት ዛሬ ማታ ላኪልኝ። ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ጫማውን አስወልቀሽ ለኪው፣ አድዋ የዘመተው ሰው አብዛኛው ባዶ እግሩን ነው።

እናትሽ