የእማዬ ጠጠር

ሐዋሳ፣ ሰኔ 24

ዲያቆኔ፣

የእኔን ጽሕፈት ስታይ መጀመሪያ የምትለውን አውቃለሁ። «ማን ሞተ?» ማንም አልሞተም። እማዬም ደህና ናት። እንዲያውም ችግሬ የእሷ ደህና መሆን ነው።

አራት ዓመት ሞላን። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የእህትህን የመፈወስ ነገር ስትነግረኝ፣ በሰው ፊት «የሐኪም ወረቀት አለህ?» ማለት አልነበረብኝም። ዓሣውን ሳትነካ የሁለታችንንም ሂሳብ ከፍለህ ሄድክ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ። በቃ፣ ይኼን ማሳመር አልችልበትም፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እማዬ ኩላሊቷን ታማ ነበር። ኅዳር 28 በአልትራሳውንድ ታየች፣ ጠጠር ተገኘባት። 7 ሚሊ ሜትር። ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጣትና «ውሃ በብዛት ይጠጡ» አላት። ታውቃታለህ፣ ውሃውን ጸበል አደረገችው። በየቀኑ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ። ለገብርኤልም ተሳለች። ጥር 3 ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ «አይታይም» አለ። ይህን የምታህል ጠጠር በሽንት ልትወጣ እንደምትችል ነገረንና ቀጣዩን ተራ ጠራ። የሆነው ይኸው ነው።

አሁን የሚወራውን ስማ። የካቲት ላይ ጠጠሩ ሽንብራ ያህል ነበር (እውነቱም እሱ ነው)። ፋሲካ ላይ ባቄላ ሆነ። ሰሞኑን ቡና ላይ በጆሮዬ እንደሰማሁት እንቁላል አክሏል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእማዬ ጠጠር ግን ከወጣ በኋላ ነው የከበደው። ደግሞ እየዋሸች አይደለም፣ «እናቴ ትሙት» ልልህ ነበር፣ ጊዜው አይደለም እንጂ። ያን ሌሊት ብታያት ሕመሙ እንቁላል ያክል ነበር።

ቀኑም ቦታውን ለቋል። እሷ «በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ተወኝ» ትላለች። ባጃጅ ፈልጌ ክሊኒክ የወሰድኳት ግን ለ17 አጥቢያ ነው፤ ስልኬ ላይ የደወልኩበት አለ። ጠዋት ተኝታ ዋለች፣ ከዚያ ወዲህ አላመማትም። ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው። በዓሉ ወደ ራሱ ጎተተው።

ይኼን ሁሉ እንደ መርማሪ ስመዘግብ ቆይቼ ራሴን ያዝኩት። መሥሪያ ቤት ሲጠይቁኝ «ሐኪሙ ራሱ ደነገጠ» ብያለሁ። ማን ደነገጠ? ሰውየው ቀና ብሎም አላየን። ስናገር ግን የደነገጠ ፊቱ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። እንግዲህ አንተን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጠጥኩህ ሰው እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንተን ጳውሎስ ይዣለሁ። ያኔ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15ን አንብበው ስትለኝ በፈላስፋው በሂዩም ነበር የመለስኩልህ። የምስክሩ መሳሳት ከተአምሩ የባሰ ተአምር ካልሆነ በቀር አትመን የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1748 የታተመ ነገር ይዤ እንደ አዲስ ፎከርኩብህ። አሁን እንደ ችሎት ጸሐፊ ነው ያነበብኩት። ጳውሎስ ከስቅለቱ ሃያ ዓመት አለፍ ብሎ ይጽፋል። ከሞት የተነሣው ክርስቶስ የታየላቸውን ይቆጥራል፤ ኬፋ (ጴጥሮስ)፣ አሥራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበዙ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ። አንተ ሁሌ 500ውን ነበር የምትመዝብኝ። አትቀየም፣ እነሱ አያሳምኑኝም። ስማቸው የለም፣ ቦታው የለም፣ አንዳቸውም ቃላቸውን አልሰጡም። እኔን የያዘችኝ ገላትያ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ኬፋ ዘንድ 15 ቀን ሰነበተ፤ ያዕቆብንም አየ። 15 ቀን! ከባለጉዳዩ ጋር፣ ፊት ለፊት። እኔ ለአንዲት ጠጠር እናቴን ሁለት ሰዓት አስጨንቄያታለሁ። ያ የቀድሞ አሳዳጅ ምን ምን ጠይቆት ይሆን?

የጌታ ወንድም ያዕቆብም አለ። የኢየሱስ ወንድሞች እንኳ አላመኑበትም ነበር ይላል ዮሐንስ። በኋላ ግን የኢየሩሳሌም ምእመናን አለቃ ሆኖ ተገኘ። ተወግሮ መሞቱን ደግሞ ክርስቲያን ያልሆነው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ጽፎታል። ወንድም ቀላል ምስክር አይደለም። የእኔን ታላቅ ታውቀው የለ፣ ብነግሠም አያምነኝም።

እንቁላሉስ? እሱም አለ። ማርቆስ ላይ መቃብሩ ውስጥ ያለው ነጭ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ነው፤ ሴቶቹ ፈርተው ይሸሻሉ። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩት ሁለቱ ቅጂዎች፣ የቫቲካኑና የሲናው፣ ማርቆስን እዚያው ላይ ያቆሙታል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውን «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚሉትን ስታይ ግን ከሰማይ የወረዱት ሁለት ሰዎች ጭንቅላታቸው ሰማይ ይነካል፣ መስቀሉ ከመቃብር ወጥቶ ይከተላል፣ ተጠይቆም ይመልሳል። ቤተ ክርስቲያን ያንን አልተቀበለችም። ያኔም ሽንብራውን ከእንቁላሉ የሚለይ ሰው ነበረ ማለት ነው። ይኼ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግን የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ቬስፓስያን እስክንድርያ ላይ ምራቁን ቀብቶ የዕውር ዓይን አበራ ብሎ ጽፏል። ያዩት ሰዎች መዋሸት ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ ዛሬም ይመሰክራሉ ይላል። አላምንም። አዲስ ዙፋን የያዘ ሰው ተአምር ያስፈልገዋል እላለሁ። ሐኪሞቹም አስቀድመው ዓይኑ ጨርሶ አልጠፋም ብለው ነበር። መልካም። ለእማዬም ሐኪሙ «ልትወጣ ትችላለች» ብሏል። ለቬስፓስያን የነፈግኩትን ለእናቴ ልስጥ? ለጴጥሮስስ? ጴጥሮስ ዙፋን አላገኘበትም፣ ልክ ነው። ይኼ ቅንነቱን ያሳያል። ቅን ሰው ደግሞ ይሳሳታል፤ ቤታችን ውስጥ ሁለት አለን።

ጴጥሮስ አንድ ነገር እንዳየ አልጠራጠርም። ምን አየ የሚለው ላይ ነው የምቆመው። እዚያ ላይ ሰነዱ ያልቅብኛል፤ ቀድሞውኑ ስለ እግዚአብሔር የማስበው ነው የሚፈርደው መሰለኝ። ይኼን አንተ ብትለኝ ኖሮ «ማምለጫ ነው» ብዬ እስቅብህ ነበር።

ይኼን ሁሉ የቀባጠርኩት ለምን መሰለህ? ሐምሌ 19 የማኅበሩ ተራ እማዬ ላይ ደርሷል። ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል። እና የሐኪሙን ሁለት ወረቀቶች፣ የኅዳሩንና የጥሩን፣ ቆሜ እንዳነብላት ትፈልጋለች። «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ፣ ያምኑሃል» ትላለች። እንቁላል ሲሰሙ ለከረሙ ሰዎች 7 ሚሊ ሜትር ብዬ ላንብብ? አሳፍራታለሁ። አንዴ ሰው በወረቀት አሳፍሬ የደረሰብኝን አይቻለሁ። አጠገቧ ዝም ብዬ ብቆም ደግሞ እንቁላሉ ላይ ማኅተም መታሁበት ማለት ነው።

ና። 18 ማታ እዚህ ሁን። መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ። ዓሣውም ሂሳቡም በእኔ። የእህትህን ... ወረቀት ይዘህ ና አልልህም። ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ ነው የምፈልገው፣ እንደሆነው። ካልፈለግህም እሺ።

ላሽገው ስል እማዬ ገባች። ለማን እንደምጽፍ ነገርኳት። «ያ ልጅ አገባ?» አለች፤ እሱንም መልስላት። ከዚያ ወረቀቱን አይታ «7 ሚሊ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በልጆቹ ማስመሪያ አሳየኋት። ጣቷን አስጠግታ ብዙ ቆየች። «ለዚች ነው ያን ሁሉ የጮህኩት?» ዝም አልኩ። «ትንሽ ብትሆንስ፣ ማን አወጣት?» አለችና ወጣች። ለእሱም መልስ አልነበረኝም።

ሲመሽ ተመለሰች። «በቃ አንብበው» አለችኝ። «ግን ባቄላ ብትል ምን ትሆናለህ?»

ሽንብራ ናት አልኳት። እስካሁን አልተስማማንም።