ለወላጆች፦ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችንን ስለምናስብበት የብስክሌት ጉዞ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊያችን ካረፉ ወዲህ ልጆቻችሁ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ለእሳቸው ምን እናድርግ?» ይሉኛል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መልሱን ራሳቸው ይዘው መጡ። በእሳቸው ስም ሳይክል እንንዳ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለኩላሊት ሕሙማን ይሁን አሉ። ሐሳቡን ከማንም በፊት ያቀረብነው ለቤተሰባቸው ነው። እነሱ ባይፈቅዱ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ፈቀዱ። ልጃቸውም አብራን ትነዳለች።

ጉዞውን በኪሎ ሜትር አልለካነውም። አራት ሰዓት እንነዳለን፣ በቃ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ደሙን የሚያጣራው ማሽን ነው። አብዛኛው የኩላሊት እጥበት ታካሚ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ይቆያል። በዓል ሆነ ሥራ በዛ ብሎ መቅረት የለም። ኃላፊያችን ይህን ኑሮ ለዓመታት ኖረውታል። በማግስቱ ግን ከሁላችን ቀድመው ቤተ መጻሕፍቱን ይከፍቱ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች መታመማቸውን ያወቁት መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ አንዱ ልጅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው አሥር ቢሄድ ለእኛ እኩል ናቸው። መሐል ላይ ወርዶ ማረፍም ይቻላል። ከሰባተኛ ክፍል በታች ያሉት መንገድ ላይ አይወጡም። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አራቱን ሰዓት በቅብብል ይጨርሱታል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሳይክል የሌለው ልጅ ከጓደኛው ጋር ይጋራል። የትምህርት ቤት ጉዞ ነውና ለዚህ ብላችሁ አዲስ ሳይክል አትግዙ።

በሐዘን የተነሣ ጉዞ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ልጆቹ ሲጠይቁኝ የነገርኳቸው አንድ ታሪክ አለ። ቢሊ ስታር የሚባል አሜሪካዊ እናቱን በካንሰር አጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ የማሳቹሴትስን ግዛት በሳይክል አቋረጠ፣ ለካንሰር ሕክምናም ገንዘብ ሰበሰበ። ያ ጉዞ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ይነዱበታል። አንዳንድ የእጥበት ማዕከላት ውስጥ ደግሞ ታካሚዎች ራሳቸው ማሽኑ ላይ ሆነው ከወንበራቸው ፊት በተገጠመ ፔዳል ስፖርት ይሠራሉ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። እዚህ ላይ በጣም ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። ማንም ልጅ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት አይምጣ። ቤት ለቤት እየዞረም አይለምን። መስጠት የፈለገ ሰው የኩላሊት ሕሙማንን ወደሚረዳው በጎ አድራጎት ድርጅት አካውንት በቀጥታ ያስገባል፣ ደረሰኙንም ከድርጅቱ ይቀበላል። በትምህርት ቤቱ እጅ የሚያልፍ ገንዘብ የለም። ማን ምን ያህል ሰጠ የሚል ዝርዝር አይለጠፍም፣ ብዙ ላሰባሰበ ሽልማትም የለም። ምንም ያልሰጠ ቤተሰብ ልጅ እንደማንኛውም ልጅ ይነዳል። አንዳንዶቻችሁ ውድድር ቢኖረው ብዙ ይሰበሰባል ብላችሁኛል። ይሆናል። እኔ ግን በሟች ስም ልጆችን በኪስ ማበላለጥ አልቀበልም።

ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር መንገድ ይበቃል። ከዚያ ሰዓቱን ቀስ በቀስ መጨመር ነው፤ ድንገት አራት ሰዓት መንዳት ጉልበትና ወገብ ይጎዳል። መቀመጫውን አስተካክሉላቸው፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ትንሽ መታጠፍ አለበት። ጎማው ንፋስ ይኑረው፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ ሰንሰለቱ ይቀባ። ሄልሜት የሌለው አይነዳም። ሄልሜቱ ግንባርን ይሸፍን፤ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር። ከዚህ በፊት በአደጋ የተመታ ሄልሜት ምንም ባይሰነጠቅ እንኳን ይቀየር። ልብ፣ አስም ወይም ስኳር ያለበት ልጅ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይመዘገብ አደራ። አብራችሁ ልትነዱ ላሰባችሁ ወላጆችም ያው ነው።

ከሳይክሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ልብ ነው። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አያዝንም። አሁን ያለቅሳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ኳስ ይጫወታል። ይህ መርሳት አይደለም፤ ሐዘን ልጆች ላይ የሚመጣው እንዲህ እየተቆራረጠ ነው። ትንንሾቹ ሲጠይቋችሁ ታመው እንደሞቱ በግልጽ ንገሯቸው። ተኝተዋል የተባለ ልጅ መኝታ ሊፈራ ይችላል። «ኩላሊት ይተላለፋል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለ። የእናንተም ልጅ ሳይጠይቅ በሆዱ ይዞት ይሆናልና በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ንገሩት። መንዳት የማይፈልግ ልጅ ካለም አትጫኑት። መንዳት ካልፈለጉት አንዷ ኃላፊያችን ይወዷቸው የነበሩትን መጻሕፍት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መደርደር መርጣለች፤ ፈቅጄላታለሁ። በቅርቡ የራሱን ሰው ያጣ ልጅ ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ። በዚያ ቀን ከሚቀርበው መምህር ጋር እንመድበዋለን።

አንድ ነገር ለእናንተው ልጨምር። የኩላሊት ድካም ብዙ ጊዜ ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ምልክት አያሳይም። ዋነኞቹ መንስኤዎች የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። በቀላል የደምና የሽንት ምርመራ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ካለባችሁ ወይም በቤተሰባችሁ የኩላሊት ሕመም ካለ እባካችሁ ተመርመሩ። ኃላፊያችን ሕመሙን ያወቁት ዘግይተው ነበር። ቤተሰባቸው ይህ በደብዳቤው እንዲገባ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሞልታችሁ እስከ መጪው ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር መልሱ። መንገድ ላይ ቆመው መገናኛዎችን የሚጠብቁ፣ ውሃ የሚያድሉ፣ ጎማ ሲፈነዳ የሚጠግኑ ወላጆች ያስፈልጉናል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያላችሁ በቅጹ ጀርባ ጻፉልን። ስለ መንገዱና ስለ ጥበቃው ጥያቄ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ እንወያያለን፤ የጉዞው ቀንም የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር