«አራት ፍሬ ብቻ ስጪኝ»፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ግልባጭ፦ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፣ ደሴ
ጉዳዩ፦ አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት) በፍሬ ስለመሸጡ

ክቡራን፣

ደሴ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 11 ዓመት አለፈኝ። ይህን የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ክስ ከተነሳማ የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። አንዲት እናት ከኩታበር በኩል መጥተው ገቡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራገፉና የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ከብሩ ጋር ባዶ የካፕሱል ቅጠል ብቅ አለ፤ ከመጨማደዱ የተነሳ ጽሑፉ እንኳ በቅጡ አይታይም። «ልጄ፣ የዚህን ዓይነት አራት ፍሬ ብቻ ስጪኝ» አሉኝ።

«ለማን ነው እናቴ?»

«ለልጅ ልጄ። ስድስት ዓመቷ ነው። ያስላታል፣ አፍንጫዋም ይፈስሳል።»

«ቅጠሉስ የማን ነው?»

«የኔው ነዋ። አምና ጥርሴን ሲያመኝ ሐኪም የሰጠኝ። እንዴት ያለ መድኃኒት መሰለሽ!»

ወደ መብራቱ አስጠግቼ አነበብኩት። አሞክሳሲሊን፣ 500 ሚሊ ግራም። የአዋቂ ነው። ያለ ማዘዣ እንደማልሸጥ፣ ልጅቷ መጀመሪያ መታየት እንዳለባት ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። «ጤና ኬላ ሄጄ ነበር፣ አልቋል አሉኝ። አብሽሪ ልጄ» ብለው ወጡ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በመስኮት አየኋቸው። በወረቀት የተጠቀለለች ነገር በእጃቸው ይዘው ወደ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ሲያዩኝ እጃቸውን አንስተው ፈገግ አሉ። ከማዶ አግኝተዋል።

እኔም እንዲያ ሸጫለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መደብር ባለቤት «አንቺ ካልሸጥሽ ጎረቤት ይሸጣል፣ ደንበኛ አታባርሪብኝ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ጎረቤት ይሸጣል። ሁለት ፍሬ፣ አራት ፍሬ፣ ስድስት ፍሬ፤ ቅጠሉን በመቀስ ቆርጬ እሰጥ ነበር። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የተጻፈበት ጫፍ ብዙ ጊዜ እኔው ጋ ይቀር ነበር። አንድ ቀን «ጉሮሮዬን አመመኝ» ያለ ጎረምሳ መጣ። ቆርጬ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አንዱን በሃይላንድ ውኃ ዋጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ከንፈሩ አብጧል፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሏል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፤ ፈጣሪ ይመስገን ተረፈ። ኋላ እናቱ ስትነግረኝ፣ በልጅነቱ ፔኒሲሊን ተወግቶ እንዲሁ ሆኖ ነበር። አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። «ፔኒሲሊን ይስማማሃል?» ብዬ ለመጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጅብኝ ነበር?

ደብዳቤው ለእናንተ ቢሆንም ሕዝብም ያነበዋልና፣ ስለ መድኃኒቱ ራሱ ትንሽ ላውራ።

አሞክሳሲሊን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ በአፍ ሲወሰድ አንጀት በደንብ ይቀበለዋል፣ ለነፍሰ ጡርም በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ኖሯል። ሥራውን ለማስረዳት እኔ ሁልጊዜ የጭቃ ቤት ምሳሌ እጠቀማለሁ። ግድግዳ ሲሠራ እንጨቱ ይተከላል፣ ማገሩ ይጋደማል፣ ከዚያ በልጥ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ልጡ ከሌለ ግድግዳው ምንም ቢያምር አይቆምም። ባክቴሪያም በዙሪያው ግድግዳ አለው፣ ባደገና በተባዛ ቁጥርም ያንን ግድግዳ ይሠራል። አሞክሳሲሊን የልጥ አሳሪውን እጅ ነው የሚይዘው። ማገሩ ሳይታሰር ይቀራል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው አብጦ ይፈነዳል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው የኛን ሴል እንዲህ አያፈነዳም። ቫይረስም ግድግዳ የለውም። ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ነው። ስለዚህ የኩታበሯ ሕፃን ያን ቀን የዋጠችው (ከዋጠች) ለጉንፋኗ የፈየደላት ነገር የለም። ዳማከሴ ቢያሸቷት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሽታው ደስ ይላል።

የሚሠራበት ቦታ ግን ሲሠራ ነፍስ ያድናል። የሕፃናት የሳንባ ምች፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የጥርስ መግል። ሄሊኮባክተር በሚባል ባክቴሪያ ለሚመጣ የጨጓራ ቁስልም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተደባልቆ ይሰጣል። ስለ ቶንሲል ግን ቆም ልበል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ስለሆነ በራሱ ይድናል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን ግን ጨዋታው ሌላ ነው። በወጉ ካልታከመ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ ገና በዕድገት ላይ ያለ ልጅን ልብ ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ብዙ ወጣት የልብ ሕመምተኛ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ነው ለስትሬፕ 10 ቀን ሙሉ የሚታዘዘው። አራት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ሲወሰድ፣ የአንድ ቀን ከሲሶ መሆኗ ነው። ሕመሙን ታስታግሳለች፣ እናት «ዳነልኝ» ትላለች፣ ባክቴሪያው ግን እዚያው አለ።

ሰዓቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። ደም ውስጥ የገባው አሞክሳሲሊን በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ካፕሱሉ በየ8 ሰዓቱ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ታዲያ ወሎ ነው ያለነው። ረመዷን ሲገባ ደንበኞቼ ሁለቱን ካፕሱል በኢፍጧር አንዱን በሱሁር ይውጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሰውነታቸው ባዶ ይውላል። በሁዳዴም «መድኃኒቱ ከባድ ነው፣ ሥጋ ይፈልጋል፣ ፋሲካ ይድረስ» የሚል አይጠፋም። አሞክሳሲሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ሥጋም አይፈልግም። የሚፈልገው ሰዓቱን ነው። የታመመ ሰው በሁለቱም ሃይማኖት ጾም እንደማይገደድ ሼኾቹና ቄሶቹ ከእኔ በተሻለ ይናገሩታል። እነሱን ግን ጠርቶ ያወያየ የጤና ባለሙያ እኔ አላየሁም።

ሽሮፑም የራሱ ታሪክ አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ይሞላል፣ ይናጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው የሚቆየው። አንዲት እናት ግን ከሦስት ወር በፊት ለትልቁ ልጇ የተበጠበጠውን ለታናሹ እየሰጠች አገኘኋት። «ገና ግማሽ አለው፣ ይደፋ?» አለችኝ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ካርቶን ይዛ ምን ትበል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ጉሮሮውን ያመመውና ራሱ ገዝቶ ትንሽ ትንሽ የወሰደ ሰው ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ባክቴሪያው አይሞትም፣ ይለማመዳል፤ ከዚያ የተለማመደው ባክቴሪያ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፣ መድኃኒቱም አያድናትም። ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ሰውዬው የደሴን ገበያ አይቶ የተናገረ ነው የሚመስለው። ዛሬ ብዙ ባክቴሪያዎች አሞክሳሲሊንን የሚቆርጥ የራሳቸው መቀስ አላቸው፤ ስሙ ቤታ ላክታሜዝ ይባላል። ኦግመንቲን በሚባለው የአሞክሳሲሊን ቅይጥ ውስጥ የተጨመረው ክላቩላኒክ አሲድ ያንን መቀስ የሚያደነዝዝ ነው፤ ዋጋውም የሚወደደው አንዱ በዚህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንደሞተ ተገምቷል። አሞክሳሲሊን ካመለጠን ተከታዩ መድኃኒት ውድ ነው፣ ምናልባትም መርፌ ነው። የኩታበር እናት መቀነት ደግሞ ያን አይችልም።

እናንተ ይህን ሁሉ ታውቃላችሁ። ሕጉም ያለ ማዘዣ አይሸጥ ይላል። በየጊዜው የቁጥጥር ቡድን ይወጣል፣ አንድ ሁለት መደብር ይታሸጋል፣ በሳምንቱ ይከፈታል። እኔ ቁጥጥሩን አልቃወምም፤ ይጥበቅ። ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ያቺ እናት መደብር የመጡት ጤና ኬላው ባዶ ስለሆነባቸው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃን ትንፋሽ መቁጠር ትችላለች፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሰዓት ቆጣሪ አላት፣ ሥልጠና ወስዳለች። በውኃ የሚሟማው 250 ሚሊ ግራም የሕፃናት አሞክሳሲሊን ከሌላት ግን ቆጥራ ምን ታደርጋለች? «ከተማ ውጡና ግዙ» ብላ ትሸኛለች። ከተማ ደግሞ መቀስ የያዘ ሰው ይጠብቃቸዋል። በ2014ቱ ጦርነት ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው ባዶ የቀሩበትን ጊዜ አልፈናል፤ ያኔ በፍሬ የለመደ ሰው ዛሬም በፍሬ ነው የሚጠይቀው። ሰውን አልወቅስም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። መጀመሪያ፣ የሕፃናቱ አሞክሳሲሊን በየጤና ኬላው መኖር አለመኖሩን በየወሩ አይታችሁ ውጤቱን ሕዝብ በሚያየው ቦታ ለጥፉልን። በየትኛው ወረዳ እንዳለቀ እኛም እንወቅ። ይህ ሲሟላ በፍሬ መሸጥ ይከልከል፤ ያኔ እኔን ቀድማችሁ ፈትሹኝ።

ሁለተኛው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። አንቲባዮቲክ የሚሸጥ ሁሉ በአማርኛ የታተመ ፖስታ እንዲጠቀም አዝዙ። የጠዋት ፀሐይ፣ የቀትር ፀሐይ፣ ጨረቃ ይሣልበት፤ በየሥሩ ስንት ፍሬ፣ ለስንት ቀን። ጀርባው ላይ «ፔኒሲሊን የማይስማማው አይውሰድ፤ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ሐኪም ቤት» ይባል። ለስለስ ያለ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ብዙ ጊዜ የሚያልፍ እንደሆነ፣ ደም ያለው ከሆነ ግን ሐኪም ማየት እንዳለበትም ይጻፍ። ለሽሮፑ ደግሞ የተበጠበጠበት ቀን የሚሞላበት ባዶ ቦታ ይተው። ኦሮሚኛና አፋርኛም ቢጨመርበት፣ ባቲ ሰኞ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ያነበዋል።

ሦስተኛው ስለ ህዳር ነው። የዓለም የመድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንት በየዓመቱ ከኖቬምበር 18 እስከ 24 ይውላል፤ በኛ ከህዳር 9 እስከ 15 ገደማ። መሀሉ ላይ ህዳር 12 ናት። ሰው ሁሉ ቆሻሻ አውጥቶ የሚያጥንበት ቀን፤ የ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ መታሰቢያ። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፣ ቫይረስ። ስለ ጉንፋንና ስለ አንቲባዮቲክ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? በሆቴል አዳራሽ ባነር ሰቅሎ ከመዋል፣ በዚያች ቀን ባለሙያዎች መንደር ለመንደር ይውጡ። ሰው ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ ካፕሱልና ሽሮፕ ካለው ያምጣ፣ እኛ ተቀብለን በአግባቡ እናስወግዳለን። ጭሱ ውስጥ ግን አይጣል። እኔ የራሴን ባንኮኒ ለዚህ እሰጣለሁ፣ ሌሎች የደሴ ባልደረቦቼም እምቢ አይሉም።

የፖስታውን ናሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለዞኑ መምሪያ መዝገብ ቤት አስገባለሁ። ሥዕሉን የሠራችው ልጄ ናት። ጨረቃዋ ትንሽ ሙዝ ትመስላለችና፣ ስታሳትሙት አስተካክሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ የመድኃኒት ባለሙያ