ሦስተኛው ሸራ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሁለት ወረቀት ቀድጄአለሁ። ለእናትህ ለቅሶ አልደረስኩም። አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር እፍረቱ እየከበደኝ ይኸው 3 ዓመት ሆነ። ሰበብ አልደረድርልህም፤ አጥፍቻለሁ። ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ሲያቀርቡልን «እሾሁን እያያችሁ!» የሚሉት ድምፃቸው አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ነፍሳቸውን ይማር።

እኔ ያው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ጀልባ እጠግናለሁ። አምና አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ በሥራዬ ዋጋ ፈንታ የሸራ ጀልባውን ትቶልኝ ሄደ። ርዝመቷ 4 ሜትር ግድም ነው፤ ሁለት ሰው ትይዛለች። ዋናውን ሸራና የፊቱን ትንሹን ቶሎ ለመድኳቸው። ያስቸገረኝ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ የነበረው ሦስተኛው ነው። ስፒናከር ይሉታል። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሚሰቀል፣ እንደ ጃንጥላ ጨርቅ የሳሳ ናይሎን ነው።

መጀመሪያ የሰቀልኩት ዕለት አንዱን ገመድ ምሰሶውን ከፊት በሚወጥረው ሽቦ ውስጥ በኩል አሳልፌው ኖሯል። ሸራው ሽቦው ላይ ተጠመጠመ፤ ወገቡ እንደተጨመቀ ነጠላ ሆኖ ከላይ አንድ ፊኛ፣ ከታች አንድ ፊኛ ነፋ። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁብኝ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ አንገታቸውን ሰብረው የሚታዘቡኝ መሰለኝ። በጉልበት ሳወርደው የሽቦ ጫፍ ያዘውና ተተረተረ።

አሁን ግን ገብቶኛል። ሣር ላይ አነጥፈውና ከአናቱ ጀምሬ ጠርዙን በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ታችኛው ማዕዘን እወርዳለሁ፤ በሌላኛው ጎንም እንዲሁ። መጠማዘዝ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሆዱን ከረጢት ውስጥ እጠቀጥቅና ሦስቱን ማዕዘኖች ከላይ እተዋለሁ። መስቀያው ገመድ ለአናቱ፣ ሁለቱ ገመዶች ለታችኞቹ ማዕዘኖች። ሁለቱም ከሽቦዎቹ ሁሉ ውጭ ዞረው ወደ ኋላ ይመጣሉ፤ የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው። ከዚያ የሸራውን አንድ ታችኛ ማዕዘን የሚይዘውን ዘንግ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከምሰሶው ወደ ውጭ እገፋለሁ። የምሰቅለው በዋናው ሸራ ከለላ ነው፤ አለዚያ ሳይደርስ ነፋስ ይሞላና ከእጅ ያመልጣል። ከተነፋ በኋላ ከዘንጉ ማዶ ያለውን ገመድ ቀስ እያልኩ አላላለሁ፣ ጠርዙ መታጠፍ ሲጀምር ትንሽ እስባለሁ። ዓይን ከጠርዙ አይነሳም፤ ስለዚህ መሪውን የጎረቤት ልጅ ይይዝልኛል። ጉማሬ ወዳለበት ቄጠማ ከመድረሳችን በፊት ማውረድ አለብን፤ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ዘግይተናል።

ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፌው ነበር፤ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። አዳማ ውስጥ ካንተ በቀር ይህን ጨርቅ በእጁ የማምነው ልብስ ሰፊ የለኝም። በከረጢት አድርጌ ከደብዳቤው ጋር ለሹፌር ሰጥቻለሁ፤ መጣፊያም ከውስጡ አለ። በቀጭን መርፌ፣ በፖሊስተር ክር፣ በዚግዛግ ስፋው። የጥጥ ክር ይበሰብሳል። ጠርዙን እንዳታጥፈው፣ ልኩ ይዛባል።

ለልጆቹ ሰላም በልልኝ። የሰፋህበትን ዋጋ አልቀበልም ብለህ እንዳትጣላኝ፤ መጥቼ እከፍልሃለሁ፣ ለቅሶውንም ያኔ እደርሳለሁ። ደግሞ አደራ፣ ካውያ እንዳታስነካው፤ ይቀልጣል።

ወንድምህ